ከፈረስ ወደ ሞተር፦ ማን ይቀድማል?

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ «የኔ ሞተር ይቀድማል፣ ያንተ ይቀራል» እያሉ የሚፎካከሩ ልጆችን ስንሰማ ሳቃችን ይመጣል። ለምን ቢሉ፣ ክርክሩ ለጎጃም አዲስ አይደለማ! ሞተር ሳይመጣ በፈረስ ነበር።

ያኔ ፈረስ ለጌታው ስም እስከ መሆን ይደርስ ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት በፈረስ ስማቸው «አባ ጠና» ይባሉ ነበር። በጉግሥ ሜዳ ደግሞ አንዱ ዘንግ እየወረወረ ያባርራል፣ ሌላው በጋሻ እየመከተ ይሸሻል። ፍጥነት ብቻውን አያስመሰግንም፤ መወርወርም መመከትም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ እንጅባራን እናገኛለን፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች አገር ናት። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ገና ሳይወጣ ነው። ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶች መታሰቢያ ነው፤ ዓመታዊ በዓሉም ጥር 23 ቀን ይውላል። እዚያ «ማን ይቀድማል?» ለሚለው ጥያቄ ቀን አለው፣ ሜዳ አለው፣ የሚዳኝ ሽማግሌ አለው።

እኛን የሚያሳስበን ታዲያ ይኸው ነው። ሞተሩ የፈረሱን ፉክክር ወረሰ፤ ሜዳውን ግን አልወረሰም። አስፋልቱ ላይ ተማሪ አለ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች፣ ከብት የሚነዳ እረኛ አለ። ፈረስ ሲደክመው ይቆማል፤ ሞተር ድካም አያውቅም።

ወንድሞቻችን፣ ፉክክራችሁን አንጠላም። ብቻ ከአያቶቻችሁ ጉልበቱን ስትወርሱ ሜዳውንም አትርሱት።