ስፌቱ የሚታይ፣ ስፌቱ የማይታይ

ባለፈው ጥር ጎባ ላይ ሰርግ ታድሜ ነበር። ከሮቤ ተነሥተን ስንደርስ የባሌ ብርድ ከጨለማው ጋር አብሮ ወርዷል፤ ድንኳኑን ግን ዲጄው አሙቆታል። የአሊ ቢራ ዘፈን ሲጀመር ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ገና ግማሹ ላይ ሳይደርስ ከሥሩ ሌላ ምት ገባ፤ ዜማው ቀስ በቀስ ሟሟ፤ መቼ እንደ ጠፋ ልብ ያለ የለም። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ብቻ፣ «ልጄ፣ ዘፈኑ ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

ቀን የሰው ገንዘብ ቆጥሬ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝና ጥያቄያቸው አብሮኝ ወደ ሮቤ ተመለሰ።

ዲጄነት አንድ ሙያ ይመስለናል፤ ታሪኩ ግን ሁለት ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 1973፣ በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 1965 (ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ)፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ኩል ኸርክ የተባለ ጃማይካ የተወለደ ወጣት የእኅቱን ግብዣ በሙዚቃ አደመቀ። ይህ ሰው፣ ጨፋሪው ይበልጥ የሚነሣሣው ድምፃዊው ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስተዋለ። ያች ቁራጭ ግን ከአፍታ አታልፍም። ስለዚህ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ አስቀምጦ፣ በአንዱ ስታልቅ በሌላው እየጀመረ አራዘማት። የሂፕሆፕ ዲጄ ቆራጭ ነው፤ መቁረጡንም አይደብቅም። ሸክላው በእጅ ሲፋቅ የሚያሰማው ጩኸት እንኳ ሙዚቃው ነው።

ሌላኛው ሙያ የሰፊ ነው። ፍራንኪ ናክልስ ከ1977 ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ «ዌርሃውስ» በተባለ ክበብ ያጫውት ነበር፤ «ሃውስ» የሚባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው። በዚህ ስልት ዲጄው የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት አስተካክሎ፣ በደቂቃ 120 ጊዜ ገደማ የሚረግጠውን ምት ሳያቋርጥ አንዱን በሌላው ውስጥ ያሰርጋል። ስፌቱ ከታወቀ ሰፊው ሥራውን አበላሽቷል። የሚደንቀው፣ ቴክኒክስ በ1972 ያወጣው ኤስ ኤል 1200 የሸክላ ማጫወቻ ቆራጩንም ሰፊውንም ማገልገሉ ነው።

ሁለቱም ወደ እኛ ዜማ ደርሰዋል። ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ራፕ ሠሩበት፤ ሙላቱን የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» በተሰኘው አልበሙ የአገሩን ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሐደ።

እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለቆራጩ አደላለሁ። የተቆረጠ ነገር ከየት እንደ መጣ ይታወቃል፤ ባለቤት አለው። ይህንኑ ይዤ በእራት ሰዓት ዲጄውን፣ «ምነው አሊ ቢራን አላስጨረስከን?» አልኩት።

«ካለቀ ይቀመጣሉ፣ ወንድሜ» አለኝ።

መለስ ብዬ ሳስበው፣ ዘፈኑ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲሻገር ከመድረኩ የወረደ አንድም ሰው አልነበረም። ክፍተት ቢኖር ኖሮ ግማሹ ወንበሩን ይፈልግ ነበር።

ለሽማግሌው ግን ይህን ማስረዳት አልሆነልኝም። ከድንኳኑ ውጭ ይዣቸው ወጣሁና ዘፈኑን ከስልኬ ፈልጌ ከፈትኩላቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በዚያ ብርድ ቆመው፣ እስከ መጨረሻው አደመጡት።