ከአሮጌ ሚኒባስ የተገኘ ትምህርት

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሎስ አንጀለስን ሰማይ የሚጋርደው የአውቶሞቢል ጢስ ብዙዎችን ያስጨንቅ ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ የነበረው ዎሊ ሪፔል፣ አዲስ መኪና እስኪሠራለት አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከተሠራች አሮጌ ቮልስዋገን ሚኒባስ የቤንዚን ሞተሩን አውጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተርና በእርሳስ ባትሪዎች ተካው። ተማሪዎቹም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቻቸውን ለውድድር ጠሩ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1968 ሚኒባሷ ከፓሳዴና ወደ ካምብሪጅ፣ የማሳቹሴትሷ ኮርቬር ደግሞ ከካምብሪጅ ወደ ፓሳዴና ተነሡ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው መንገድ ላይ 54 የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች ተዘጋጅተው ነበር። የኮርቬሯ ውድ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ኃይልን ፈጥነው ቢቀበሉም፣ ሲሞሉ እጅግ ስለሚግሉ በበረዶ ማቀዝቀዝ ግድ ሆነ። የሚኒባሷም ሞተር አሪዞና ላይ ተቃጥሎ ምትክ እስኪመጣ ጉዞው ተቋረጠ።

ኮርቬሯ ቀድማ ብትደርስም ወደ ግቡ የገባችው ተጎትታ ነው። የቅጣቱ ሰዓት ሲታሰብ ድሉ በግማሽ ሰዓት ያህል ለአሮጌዋ ሚኒባስ ሆነ።

ሪፔል ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ለሕዝብ በቀረበችው ኢምፓክት የተባለች የኤሌክትሪክ መኪና ሥራ ተሳትፏል። የ1968ቱ ጉዞ ያረጋገጠው ግን ከድሉ የሚልቅ ነው፦ አሮጌ ተሽከርካሪን በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስ ለጥቂት ተማሪዎች እንኳ የሚቻል ሲሆን፣ ሩቅ የሚያደርሰው ግን የባትሪው ጽናትና በየመንገዱ የሚጠብቀው የኃይል ምንጭ ነው። መሐንዲስ መኪናውን ሲነድፍ መንገዱንም አብሮ መንደፍ ይገባዋል።