ከፊልም ቤት መልስ፦ የተራ ተመልካች አስተያየት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሞች

የአገራችንን የፊልም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ስም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ የተከፈተውን ፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። ይህ ስም እስካሁን ሲጠቀስ የኖረው ሕዝቡ ለአዲስ ነገር የነበረውን ፍርሃት ለማሳየት፣ አንዳንዴም ለመሳቂያነት ነው። እኔ ግን ስሙ በሌላ መንገድም ሊነበብ ይችላል እላለሁ። ሥጋና ደም የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ፣ ድምፅ ሳያወጣ አፉን ሲያንቀሳቅስ ያየው ተመልካች፣ ከእምነቱና ከዕውቀቱ መዝገብ ለዚህ ነገር የሚመጥን ስም ፈልጎ አገኘ፤ ያየውን መዘነ፣ ፈረጀ፣ ፈረደም። እንግዲህ በአገራችን የመጀመሪያው የፊልም ሂስ ባለቤቱ ያልታወቀ፣ በቃል የተነገረና ሁለት ቃላት ብቻ ያሉት ሂስ ነበር ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ሂስ ወራሾች ይመለከታል። ሐያስያንን ሳይሆን፣ ፊልም አይቶ ሲወጣ «እንዴት ነው?» ተብሎ የሚጠየቀውንና የሚመልሰውን ሰው ማለቴ ነው። ጥናታችን ደራሲውን በሰፊው፣ ድርሰቱን ከዚያም በሰፋ ሁኔታ መርምሯል። ተደራሲውን ግን የምናነሣው ብዙ ጊዜ በመግቢያችን ላይ ለወጉ ያህል ነው። የጀርመኑ ምሁር ሐንስ ሮበርት ያውስ በ1967 እ.ኤ.አ. በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ባሰማው ንግግር የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የተቀባዮች ታሪክም መሆን እንዳለበት፣ አንባቢ ወደ አንድ ሥራ የሚቀርበው አስቀድሞ በያዘው የተጠብቆ አድማስ መሆኑን አመልክቶ ነበር። ይህን ሐሳብ በክፍል ውስጥ እናስተምራለን። የራሳችን ተመልካች አድማስ ከየት እስከ የት እንደሆነ ግን የጠየቅነው ጥቂት ነው። በቃል ሀብት ረገድ እንኳ መንገዱ ተጠርጎልን ነበር። ፈቃደ አዘዘ የገበሬዎችን የድርቅና የረኃብ ቃል ግጥሞች ሰብስቦ ሲያጠና፣ ያልተማረ የሚባለው ሰው ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ፍርድ ለምርምር የሚበቃ መሆኑን አሳይቶናል። ይኸው ሰው ስለ ፊልም ሲናገር ለምን ጆሮ እንደነፈግነው አይገባኝም።

በአዲስ አበባ ፊልም ቤቶች የተበራከቱት በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። በኋላ እነሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ አምባሳደርና የመርካቶው ሲኒማ ራስ የከተሜው መዋያ ሆኑ። የፒያሳ ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ ወሬውን በእግሩ እየሄደ፣ ወይም ኬክ ቤት ገብቶ ይጨርሳል። የዙሪያው ከተሞች ሰው ዕጣ ግን ሌላ ነበር። ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ከሰንዳፋ ደግሞ በደሴ መንገድ የሚመጣው ተመልካች ከፊልሙ ሰዓት ሌላ የመኪናውንም ሰዓት ማሰብ ነበረበት። እኔ ያደግሁባት ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ከተማ ናት። አንዳንድ ጊዜ ግን ያቺ ርቀት የአንድን ፊልም መጨረሻ ታህል ነበር። የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ፊልሙ ሳያልቅ የሚነሣ ሰው ብዙ ነበርና።

ይህ ነገር ቀላል አይምሰል። ፍጻሜውን ያላየ ሰው በመኪና ውስጥ የሚሰጠው አስተያየት ፍጻሜውን ካየ ሰው አስተያየት በዓይነቱ ይለያል። ያየው ሰው «ጥሩ ነው»፣ «አይረባም» ብሎ ይፈርዳል። ያላየው ግን ይደርሳል። «ልጅቷ መቼም እሱን ትታ አትሄድም» ይላል አንዱ። «አባቷ ካልሞቱ ምን ታደርጋለች?» ይላል ሌላው። ለገዳዲ እስኪደረስ ልጅቷ ሦስት ጊዜ ተድራ፣ አባትየው ሁለት ጊዜ ሞተው ይሆናል። በሳምንቱ ፊልሙን እስከ መጨረሻ ያየ ሰው መጥቶ እውነተኛውን ፍጻሜ ሲናገር፣ ብዙ ጊዜ «የኛ ይሻል ነበር» ተብሎ ሲወድቅበት ሰምቻለሁ። በሴራ አወቃቀር ላይ ከዚህ የተሻለ ልምምድ በየትኛውም የድርሰት ክፍል አላጋጠመኝም።

በልጅነቴ ሰንዳፋ ውስጥ ለፊልም ተብሎ የተሠራ አዳራሽ አላውቅም። ቪዲዮ ቤት ግን ነበረ። በ1980ዎቹ የቪዲዮ ማጫወቻ በየከተማው ሲስፋፋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ መስኮቱን የሚጋርድ ብርድ ልብስና አንድ ቴሌቪዥን ፊልም ቤት ለመሆን ይበቁ ነበር። በር ላይ በቆመ ሰሌዳ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል። ርእሱ ተሳስቶ መጻፉ ማንንም አያስጨንቅም፤ ዋናው «ካራቴ»፣ «የጦር» ወይም «የህንድ» መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛው የሚተማመን አንድ ጎረምሳ ከፊት ተቀምጦ የሚባለውን ጮክ ብሎ ያስረዳል። ትርጉሙ ልክ መሆኑን የሚያጣራ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ከገጸ ባሕርያቱ አፍ የወጣውን ሳይሆን ሊወጣ ይገባል ብሎ የገመተውን ይነግረን የነበረ ይመስለኛል። ገንዘብ ያጣ ልጅ ውጪ ይጠብቃል። የገባው ሲወጣ ፊልሙን ለውጪዎቹ የማውራት ግዴታ ነበረበት። ጥሩ አድርጎ የሚያወራ ልጅ በሰፈሩ የተከበረ ነበር። መግቢያውን ይዘላል፣ ድብድቡን በእጅና በእግሩ ያሳያል፣ ልብ በሚሰቅለው ቦታ ላይ ቆም ብሎ ይውጣል። አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን ያደርጉት ከነበረው ብዙም አይለይም። ወሬው በአማርኛ ተጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ሊያልቅ፣ ወይም በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። አድማጩ ሁለቱንም ይዞ ይከተላል።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት የወጣ አንድ የሂስ ቃል አለ፤ «አክተሩ» የሚለው። በተመልካቹ አፍ ይህ ቃል ተዋናይ ማለት አይደለም። ዋናው ባለታሪክ፣ ጀግናው፣ ልባችን የሚሄድለት ሰው ማለት ነው። «አክተሩ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የሚጠይቀው ይህ ታሪክ የማን ነው ብሎ ነው። ከቃሉ ጋር አንድ የማይጣስ ሕግ ተያይዟል፦ አክተሩ አይሞትም። ይህን ሕግ ሰምተን እንስቃለን። ነገር ግን ተመልካቹ ከብዙ ፊልሞች አነጻጽሮ ያወጣው፣ በሚቀጥለውም ፊልም የሚፈትነው ደንብ እንጂ የዘፈቀደ አነጋገር አልነበረም።

ደንቡ የተፈተነበትን ቀን አስታውሳለሁ። በ1975 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ሾሌ» የተባለው የህንድ ፊልም ሁለት ወዳጆች አሉት፤ አንዱን አሚታብ ባቻን፣ ሌላውን ዳርመንድራ ይጫወቱታል። ወደ ማለቂያው ላይ የአሚታብ ገጸ ባሕርይ ይሞታል። እንግዲህ አክተሩ ማን ነው? አሚታብ ነው ካልን አክተሩ ሞተ፣ ሕጉ ፈረሰ። ሕጉን ለማዳን ዳርመንድራ ነው ካልን ደግሞ ልባችንን የወሰደውን ሰው ረዳት ልናደርገው ነው። ክርክሩ ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ ከኛ በዕድሜ ከፍ የሚል አንድ ልጅ «የሞተው ለጓደኛው ብሎ ስለሆነ እንደሞተ አይቆጠርም» ሲል ፈረደ። ትራጀዲን ከሰማዕትነት የሚለየውን መስመር ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጽሐፍ ስማረው፣ ያ ልጅ ትዝ አለኝ።

ወደ ራሳችን ፊልሞች ስንመጣ የተመልካቹ ጥያቄ ይለወጣል። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ገና በርእሱ ተመልካቹን ወደ ክርክር ይጋብዛል። በ1966 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የደም በቀልን ነገር ያነሣል። ቃሉ የኦሮምኛ ስለሆነ፣ የኛ አካባቢ ሰው ርእሱን ሲሰማ ማንም ሳያስረዳው በሽማግሌ ፊት የሚያልቀውን የደም ነገር ያስባል። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ስለዚህ ፊልም ሲወራ ሰምተው «ሽማግሌዎቹ እንዴት ነው የተቀመጡት? ማን ነው መጀመሪያ የተናገረው?» ብለው መጠየቃቸውን አልረሳም። ስለ ካሜራው የሚጠይቅ ሐያሲ ይገኛል፤ የአቀማመጡን ሥርዓት የሚጠይቅ ግን እንደሳቸው ያለ ሰው ብቻ ነው።

በ1990ዎቹ በቪዲዮ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ወደ አዳራሽ ሲገቡና ሰልፉ ሲረዝም፣ ዋናው መመዘኛ «እውነት ነው ወይ?» የሚለው ሆነ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የኤች አይ ቪን ነገር፣ «ቀይ ስህተት» የቀይ ሽብርን ዘመን አነሡ። ከፊልሙ ሲወጡ ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ወንድማቸው የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን እንደ ሂስ ጉድለት የሚያዩ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ሰው በራሱ ሐዘን መለኪያነት አንድን ትዕይንት «እንዲህ አልነበረም» ካለ፣ ያ ከባድ ፍርድ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉው የፌስፓኮ በዓል ተሸልሞ ሲመጣ፣ «ጊዜው ይምታታል» የሚል ቅሬታ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። የትረካው ጊዜ በእርግጥ ይዘበራረቃል። ግን ቅሬታውን ካሰሙኝ አንዷ፣ የደርግን ዘመን በወጣትነት ያሳለፉ እናት፣ ትንሽ ቆይተው «ለነገሩ እኔም ሳስታውሰው እንደዚያው ነው» አሉ። ይህን አስተያየት የትኛውም መጽሔት አላተመውም።

ያላዩትን ፊልም የሚተቹበትም ጊዜ ነበር። ስለ ጠለፋ የሚናገረው የዘረሰናይ መሐሪ «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ በዓል የተመልካቾችን ሽልማት ካገኘ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በሚኒባስ ውስጥ የነበረው ወሬ ግን አልቆመም። ፊልሙን ያየ አልነበረም፤ ጠለፋን ግን ሁሉም ያውቃል፤ አክስቱ የተጠለፈችም፣ አጎቱ የጠለፈም አብረው ተሳፍረዋል። ከሰማኋቸው የፊልም ክርክሮች ሁሉ አንደበት የተቆጠበበት ያ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀምሮ የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲገባ፣ ክርክሩ ወደ ቡና ላይ ተዛወረ፣ ባለቤቶቹም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ሆኑ። የጥበብ ሰዎች ባህል ይበርዛል ብለው ሲቃወሙ፣ በየቤቱ ያሉ ሴቶች ስለ አማት፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ክህደት ከድራማው እየተነሡ የራሳቸውን ጉዳይ ይፈርዱ ነበር። የተቃውሞው መግለጫ በጋዜጣ አለ። የሴቶቹ ፍርድ የት አለ?

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ማስተማር እንደጀመርሁ አንዲት ተማሪ ስለ አንድ የአማርኛ ፊልም በጻፈችው ወረቀት ላይ አያቷ ፊልሙን አይተው የተናገሩትን አንድ ገጽ ሙሉ አስፍራ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ሂስ አይደለም» ብዬ ጽፌ ነጥብ ቀነስሁ። ወረቀቱን መለስሁላት፤ ግልባጭ አላስቀረሁም። አያትየዋ ምን እንዳሉ አሁን ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ ስለ አንድ በር የተናገሩት ብቻ ነው። ሙሽራይቱ ስትወጣ በሩ ክፍት መቀመጥ አልነበረበትም ብለው ነበር። ለምን እንዳሉ ምክንያቱን ተማሪዋ ጽፋው ነበር፤ እኔ አላስታውሰውም።