ምክርና ትምህርት ቤት፤ የቸሮኪ ሕዝብ ምሳሌ

ወጣቶችን ወደ ሳይንስ የሚስበው ምክር ነው ወይስ አስቀድሞ የተከፈተ ትምህርት ቤት? ለዚህ ጥያቄ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቸሮኪ ሕዝብ ታሪክ ማስረጃ ይሰጠናል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴኮያ የተባለ ቸሮኪ በ1821 ለቋንቋው ጽሕፈት አወጣ፤ እንደ እኛም ፊደል አብዛኛው ምልክት ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ይይዛል። በ1838 እና በ1839 ሕዝቡ ከርስቱ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲጋዝ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ይሁን እንጂ ሐዘኑ ሳይወጣለት በ1841 የራሱን የትምህርት ቤቶች ሥርዓት አቋቋመ፤ በ1851ም ጆን ሮስ አለቃ ሳሉ ለልጃገረዶች ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዚህ ትምህርት ቤት ሕንፃ በ1909 ለኦክላሆማ ግዛት ተሸጦ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆነ።

የአለቃው ዘር የሆኑት ወይዘሪት ሜሪ ጎልዳ ሮስ በ1928 በሒሳብ የተመረቁት ከዚሁ ማሠልጠኛ ነው። በገጠር ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩ በኋላ በ1942 ሎክሂድ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በዚያም የተዋጊ አውሮፕላንን፥ ኋላም የሮኬትንና የጠፈር ጉዞን ስሌት ሠሩ። በ1973 ጡረታ ከወጡ በኋላ የነባር ሕዝቦችን ወጣቶች ወደ ምሕንድስና ሲጋብዙ ኖሩ፤ በ1977 የተመሠረተውን የነባር ሕዝቦች የሳይንስና የምሕንድስና ማኅበርም ደገፉ።

እርግጥ ከአንድ ሰው ሕይወት አጠቃላይ ሕግ ማውጣት አይገባም። ነገር ግን የወይዘሪት ሮስ ምክር ክብደት ያገኘው ራሳቸው በመንገዱ ስለሄዱበት ነው፤ መንገዱን ደግሞ የተጋዘው ሕዝብ እርሳቸው ከመወለዳቸው ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ጠርጎት ነበር። እንግዲህ ወጣቱን «ሳይንስ ተማር» የሚል ሁሉ የሚማርበትን ቤት አስቀድሞ ሊያስብለት ይገባል።