የብረቱ ዜማና የሸክላው ዕድሜ

በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ ገበያ ስናልፍ፥ ቀጥቃጩ አሮጌውን በርሜል በመዶሻ እየመታ ምድጃ ሲያደርገው እናያለን፤ ድምፁንም ሁካታ እንጂ ዜማ ብለን አንቆጥረውም። ከባሕር ማዶ ግን የትሪኒዳድ ደሴት ሰዎች፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት፥ ይህንኑ የነዳጅ በርሜል እየቀጠቀጡ የሙዚቃ መሣሪያ አደረጉት። እኛም ብረት እየመታ የአገሩን ቅኝት ለዓለም ያሰማ ሰው አለን፤ ይኸውም የቫይብራፎን ተጫዋቹ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ቫይብራፎን የብረታ ብረት ሰሌዳዎች በተርታ የተደረደሩበት፥ በበትር የሚመታ፥ ከሥሩም ድምፁን የሚያጎሉ ቱቦዎች ያሉት መሣሪያ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና ይማሩ ዘንድ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሳሉ ልባቸው ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። ስለዚህ በለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በቦስተን በበርክሊ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በበርክሊም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ እርሳቸው ነበሩ።

ከፊታቸው የቆመው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የምዕራቡ ሙዚቃ ግን በአሥራ ሁለት ድምፅ ይሠራል። ሁለቱ ያለ ጥንቃቄ የተቀላቀሉ እንደ ሆነ ቅኝቱ መልኩን ያጣል። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ጠብቀው፥ በሥሩ የጃዝን ስምምነት፥ በጎኑም የላቲን አሜሪካን የከበሮ ምት አኖሩ፤ ስሙንም ኢትዮ ጃዝ አሉት። በ1966 በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች፥ በ1972ም «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አወጡ።

በአገር ቤት ግን ሸክላ የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ሳይፈራ በ1969 በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የሙላቱም ድርሰቶች በእርሱ እጅ ታተሙ። በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ከነጓዱ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ሙላቱ አብረውት ሠርተዋል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አምሃ ከአገር ወጣ፤ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ጭፈራ ቤቶች ዘጋ፤ ክርም የሸክላውን ቦታ ወሰደ። ግጥም የሌለው ያ ሙዚቃ በየመደርደሪያው አቧራ ለበሰ።

ከመደርደሪያው ያወረደው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነበር። «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ እትሙ አራተኛውን ቁጥር በ1998 ለሙላቱ ሥራዎች ሰጠ። ከዚያም አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ለተባለው ፊልሙ «የከርሞ ሰው»ንና ሌሎችን ዜማዎች መረጠ። በፊልሙ ውስጥ ዊንስተን የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያ ጎረቤት ለመንገደኛው ወዳጁ ሙዚቃውን ቀድቶ ይሰጠዋል፤ መንገደኛውም መኪናውን እየነዳ ያደምጠዋል። ፊልሙ በ2005 በካን በዓል ግራን ፕሪ የተባለውን ሽልማት አገኘ፤ የሙላቱም ስም ኢትዮጵያን በማያውቁ ሰዎች ጆሮ ገባ።

እንግዲህ ልብ እንበል። እነዚያ ዜማዎች ለፊልም አልተደረሱም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም ቀድመውት ነበር። ወደ ፊልሙ ያደረሳቸው ድርሰታቸው ማማሩ ብቻ ሳይሆን በጊዜው በሸክላ መቀዳታቸው ነው። ስንቱ ደግ ዜማ ሳይቀዳ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ? ፈላጊው ከውጭ መምጣቱ ሊያስመሰግነው ይገባል፤ እኛን ግን ሊያሳፍረን ይገባል። ስለዚህ በአዳማም፥ በአሰላም፥ በባቱም ያለን መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፥ በየቤቱና በየመዝገብ ቤቱ የቀረውን ሸክላና ክር ሰብስበን፥ የተጫዋቹን ስምና ዘመኑን ጽፈን እናስቀምጥ። ያለዚያ የሚመጣው ትውልድ የአባቱን ዜማ ለመስማት የባዕድ ፊልም መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።