መብራት ተሸካሚዎች

በፓሪሱ የኦፔራ ቤት፣ በታላቁ ደረጃ ግርጌ፣ ከነሐስ የተሠሩ ሴቶች የመብራት ዘለላ ከፍ አድርገው ይዘው ቆመዋል። ቀራጺያቸው ካሪየ ቤለዝ ነው፤ ስመ ጥሩው ሮዳን በወጣትነቱ የዚህ ሰው ረዳት ነበር። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1875 ሲከፈት መብራቱ በጋዝ ይነድ ነበር። በኋላ ኤሌክትሪክ ገባ፤ ሴቶቹ ግን እጃቸውን አላወረዱም። ፎቶግራፋቸውን ባየሁ ቁጥር «ክንዳችሁ አልዛለም?» ልላቸው ይቃጣኛል።

ፈረንሳዮች ወደ እኛ አገር ይዘው የመጡት ነሐስ ሳይሆን ሐዲድ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው 784 ኪሎ ሜትር መስመር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ፣ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አያቴ በአዋሽ ጣቢያ የሌሊት ዘበኛ ሆኑ። እናቴ እንደምትለው፣ ፋኖሳቸውን ከፍ አድርገው እየያዙ ለሚወርደው ሰው መንገድ ያሳዩ ነበር። አንድም ፎቶግራፍ የላቸውም።

ከሰመራ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ አዋሽ ሰባት ላይ እወርድና የቀድሞውን ጣቢያ አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ያልፋል። በአሮጌው በረንዳ ፊት ቆሜ የምፈልገው የነሐስ ሐውልት አይደለም፤ አንድ የዛለ ክንድ ነው።

ነሐስ ክንዱ አይዝል፣ ቢያበራ ምን ይገርማል፤
የሰው ክንድ ነው እንጂ፣ እየዛለ ያበራል።