አሠልጣኝ የሚመዘነው በደረጃ ሠንጠረዥ ነው ወይስ በተሰጠው በጀት?

የእግር ኳስ የውድድር ዘመን ሲጠናቀቅ የደጋፊው ዓይን የሚያርፈው በደረጃ ሠንጠረዡ ላይ ነው። ከላይ የተቀመጠው አሠልጣኝ ይወደሳል፤ ከታች የተቀመጠው ይሰናበታል። ሠንጠረዡ ግን ማን ስንት ነጥብ እንደሰበሰበ እንጂ ነጥቡ በስንት ብር እንደተገኘ አይናገርም። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት ገንዘብ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከስፖርት አልፎ የሕዝብ ሀብት ጥያቄ ይሆናል።

ሐሳቡ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በዳባት ሜዳማ መሬት ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ አግኝቶ ስንዴ ያመረተ ገበሬ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ በተሸረሸረ ተዳፋት ላይ ያለ በቂ ግብዓት ገብስ ከዘራ ገበሬ ጋር በኩንታል ብዛት ብቻ አይወዳደርም። የእርሻ ባለሙያ መሬቱን፣ ግብዓቱንና ዝናቡን ካየ በኋላ ነው ማን ጎበዝ እንደሆነ የሚናገረው። የአሠልጣኝ ምዘናም ከዚህ የተለየ መሆን አይገባውም።

ገንዘብ ምን ያህል ይወስናል?

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ስቴፋን ዚማንስኪና ጋዜጠኛው ሳይመን ኩፐር የእንግሊዝ ክለቦችን የብዙ ዓመታት መረጃ መርምረዋል። በረጅም ጊዜ አማካይ ሲታይ በክለቦች ደረጃ መካከል ከሚኖረው ልዩነት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው በተጫዋቾች ደመወዝ ልዩነት እንደሚገለጽ አሳይተዋል። ለዝውውር የሚወጣው ገንዘብ ግን ከደረጃ ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ የደከመ ነው።

ይህ ማለት አሠልጣኝ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ ገንዘቡ ክለቡን ሊያደርሰው ከሚችለው ደረጃ አሠልጣኙ ከፍ አደረገው ወይስ ዝቅ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ክላውዲዮ ራኒዬሪ በሀብት ከብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ የሚያንሰውን ሌስተር ሲቲን የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገ። ክለቡ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር ወደ ታች ሲንሸራተት ግን ተሰናበተ። ያሰናበተው የዚያ ወቅት ሠንጠረዥ እንጂ ከአቅሙ በላይ ያስመዘገበው ውጤት አልነበረም።

ሁለት አዲስ መጤዎች

በአገራችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሣ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. እንደዚሁ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በሠንጠረዥ ብቻ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ተአምር ይመስላሉ። ከጀርባቸው የቆመው አቅም ግን አንድ አይደለም፤ አንደኛው የአንድ ከተማ ክለብ ሲሆን ሁለተኛው የአገሪቱን ትልቁን ባንክ ስም የያዘ ነው። አድናቆቱ ለሁለቱም ይገባል፤ መለኪያው ግን እኩል ሊሆን አይችልም።

አንድ አሠልጣኝ፣ ሦስት ክለቦች

የአሠልጣኝን ድርሻ ከገንዘቡ ለይቶ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አንድን ሰው በተለያዩ ክለቦች መመልከት ነው። ገብረመድኅን ኃይሌ ጅማ አባ ጅፋርን በ2010 ዓ.ም.፣ መቐለ 70 እንደርታን በ2011 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ መድንን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን አድርጓል። አንድ ዋንጫ በዕድል ወይም በበጀት ሊገኝ ይችላል። በሦስት ቤት፣ በሦስት ዓይነት አቅም የተገኘን ዋንጫ ግን ዕድል ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ጅማ አባ ጅፋር በበኩሉ ከዋንጫው አራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል።

የጎንደር ተሞክሮ

ገንዘብ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የጎንደር እግር ኳስ ምስክር ነው። በ2008 ዓ.ም. በቢራ ፋብሪካ ይደገፍ የነበረው ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ፣ በዚያው ዓመት የከተማው ክለብ ፋሲል ከነማ አደገ። ፋሲል በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አሸነፈ። የ2013ቱን ድል የሚመዝን ሰው አሠልጣኙ ዋንጫ የለመደ ቡድን መረከቡንም ማሰብ አለበት። በደንብ የታረሰና የታረመ ማሳ የተረከበ ገበሬ ከባዶ ጠፍ መሬት እንደጀመረው አይቆጠርም።

እንዴት ይሰላል?

ቀላሉ ስሌት አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ክለቦች ለተጫዋቾች በሚከፍሉት ዓመታዊ ደመወዝ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረደራሉ። ቀጥሎ ይህ ተራ ቁጥር በውድድሩ መጨረሻ ከያዙት ደረጃ ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ በደመወዝ 10ኛ የሆነ ክለብ 5ኛ ሆኖ ቢጨርስ አሠልጣኙ አምስት ደረጃ አትርፏል፤ በደመወዝ 2ኛ ሆኖ 6ኛ ቢጨርስ አራት ደረጃ አጉድሏል። ሦስተኛው ደረጃ የአንድን ዓመት ውጤት ትቶ የሦስት ወይም ከዚያ በላይ ዓመታትን አማካይ መውሰድ ነው፤ የአንድ ክረምት ዝናብ የገበሬን ችሎታ አይለካምና።

አራተኛው በቁጥር የማይገቡትን ምክንያቶች ማየት ነው። አሠልጣኙ በውድድሩ አጋማሽ ተቀጥሮ እንደሆነ፣ ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል እንደነበር፣ ወሳኝ ተጫዋቾች ተጎድተው እንደሆነ፣ ወጣቶችን አሳድጎ ለክለቡ ሀብት አፍርቶ እንደሆነ ይጠየቃል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች መካሄዳቸውም መረሳት የለበትም፤ ክለቦች በገዛ ሜዳቸውና በደጋፊያቸው ፊት የመጫወትን ጥቅም፣ ከትኬት ሽያጭ ይገኝ የነበረውንም ገቢ አጥተዋል።

የሂሳቡ መዝገብ የት አለ?

የስሌቱ ትልቁ እንቅፋት መረጃ ነው። በእንግሊዝ ክለቦች ሂሳባቸውን በየዓመቱ ለሕዝብ ክፍት ለሆነ መዝገብ ያቀርባሉ። በእኛ አገር ደጋፊው የክለቡን የደመወዝ ወጪ የሚሰማው በአብዛኛው በወሬ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ገደብ ተቀምጦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገደብ ማውጣትና ወጪን ለሕዝብ ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ አሠልጣኝ ይነሣ ወይም ይቆይ የሚል ክርክር ሲነሣ ደጋፊውና ግብር ከፋዩ ለክለቡ አመራር አስቀድመው ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ዘንድሮ ለተጫዋቾች ደመወዝ ስንት ብር ወጣ? ይህ ወጪ ከሌሎች ክለቦች አንጻር ስንተኛ ነው? አሠልጣኙ ተጫዋቾቹን ራሱ መርጧል ወይስ ተመርጠው ጠበቁት? አመራሩ ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ አሠልጣኝ ካሰናበተ፣ የተሰናበተው ሰው ጥፋተኛ ስለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም፤ ለስንብቱ የሚከፈለው ካሣም ከዚያው የሕዝብ ካዝና ይወጣል።